«አባቱ ነው የገፋው» ለምትሉ

የሙዚቀኛ ልጅ ማይክ በጨበጠ ቁጥር አንዲት ተረብ ቀድማው መድረክ ላይ ትወጣለች፦ «አባቱ ነው የገፋው!»

ገፋው እንበል። አባት ልጁን ካልገፋ ማን ሊገፋለት ነው? ጎረቤት? ደግሞስ መግፋት ብቻውን የሚያደርስ ቢሆን የዘፋኝ ልጅ ሁሉ ዘፋኝ፣ የሐኪም ልጅ ሁሉ ሐኪም፣ የሯጭ ልጅ ሁሉ ባለ ሜዳልያ በሆነ ነበር። የተገፋ ልጅ በሩ ድረስ ይደርሳል። ከበሩ ወዲያ ያለው ግን የራሱ ትንፋሽ ነው።

በባዶ አልከራከርም፤ በስም የምጠራው ልጅ አለኝ። ፐርሲ ሮሜዮ ሚለር ይባላል፤ ዓለም ያወቀው ሊል ሮሜዮ በሚለው የመድረክ ስሙ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. ኒው ኦርሊንስ ተወለደ (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ማስተር ፒ ራፐር፣ አጎቱ ሲልክ ዘ ሾከር ራፐር፣ ሌላው አጎቱ ሲ-መርደር ራፐር። በ2001 «ማይ ቤቢ» የተሰኘ ነጠላ ዜማውን ሲያወጣ 11 ዓመቱ ነበር። ዘፈኑ የአሜሪካኖቹ ቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ ወጥቶ ወጥቶ 3ኛ ላይ ተቀመጠ። በዚያው ዓመት የታተመው የመጀመሪያ አልበሙም በአልበሞች ሰንጠረዥ 6ኛ ደረሰ። ገና ድምፁ ሳይጎረንን ጢማቸው ከከረደደ ራፐሮች ጋር ተሰለፈ።

«እሱማ አልጋ በአልጋ ሆኖለት ነዋ!» ትሉኛላችሁ። አልጋውን ማን አነጠፈው? ማስተር ፒ ያደገው ካሊዮፔ በሚባል የኒው ኦርሊንስ የድሆች የመንግሥት ቤቶች መንደር ነው። አያቱ ሞተው በሕክምና ጥፋት ካሳ ሲከፈል 10 ሺህ ዶላር ደረሰው። ሌላው ቢሆን መኪና ይገዛበታል፤ እሱ ካሊፎርኒያ ሪችመንድ ውስጥ የሙዚቃ መሸጫ ሱቅ ከፈተበት፤ ስሙንም «ኖ ሊሚት» አለው። ሱቁ ቀስ በቀስ አሳታሚ ሆነ። የራሱን ካሴት በመኪናው ጭኖ እያዞረ ሸጠ። በ1996 ፕራዮሪቲ ሬከርድስ ከሚባል ድርጅት ጋር የስርጭት ውል ሲፈራረም ከገቢው 85 በመቶው ለእሱ፣ 15 በመቶው ለአከፋፋዩ ሆነ። ከሁሉም በላይ ግን ዋናው ቅጂ፣ የሙያው ሰዎች ማስተር የሚሉት፣ ከእጁ አልወጣም። በዚያ ዘመን ስንቱ ስመ ጥር ዘፋኝ የገዛ ድምፁ ባለቤት ሳይሆን ያረጀ ነበር። በዓመቱ፣ በ1997፣ አልበሙ በአሜሪካ አንደኛ ወጣ።

ልብ በሉ፤ ሮሜዮ ሲወለድ ኖ ሊሚት የሚባል ነገር ገና አልነበረም። ልጁና ድርጅቱ አብረው ነው ዳዴ ያሉት። እና አልጋ በአልጋ ያላችሁት ይህ ነው? አባቱ ካሴት ሲሸጥ ያየ፣ ስለ ውልና ስለ በመቶኛ ከሚነጋገሩ አዋቂዎች መሐል ያደገ ልጅ የወረሰው ፎቅ አይደለም፤ የሥራ ቦታ ነው። የጫማ ሰሪ ልጅ ወስፌና ክር እያየ ቢያድግ «ምን ዕድለኛ ነው» ብሎ የሚቀና አላጋጠመኝም። የራፐር ልጅ ማይክ እያየ ሲያድግ ግን ቅናቱ ከየት እንደሚመጣ ንገሩኝ።

«ልጅ ምን ራፕ ያውቃል?» ለሚለውማ መልሱ እዚያው ማይኩ ላይ ነው። ራፕ የሚያደርግ ሰው ቃል አያነብም፤ ቃሉን ከቢቱ ጋር ያጋባል። አንዲት ፊደል ግማሽ ሰከንድ ከዘገየች መስመሩ በሙሉ ይወድቃል። ትንፋሽ የት እንደሚወሰድ አስቀድሞ ካልታሰበ አራተኛው መስመር ላይ ድምፁ ይሞታል። ለአዋቂ ሳንባ እንኳ ከባድ ነው፤ ለ11 ዓመት ሳንባ ደግሞ አስቡት። አባት ስቱዲዮ ሊከራይ ይችላል፣ ቢት ሊያሠራ ይችላል፣ ቪዲዮ ሊያስቀርጽ ይችላል። ለልጁ ግን ሊተነፍስለት አይችልም።

«ስቱዲዮ ውስጥ እኮ ቆርጦ መቀጠል ይቻላል።» ይቻላል። መድረክ ላይስ? ሕዝብ ፊት የቆመን ልጅ ማን ቆርጦ ይቀጥለዋል?

«ግጥሙን ሌላ ሰው ነው የጻፈለት!» ይህችኛዋ ትንሽ ጥርስ ስላላት ጊዜ እሰጣታለሁ። አዎ፣ በልጅ ራፐሮች ዓለም ጸሐፊው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። በ1992 «ጃምፕ» በሚል ዘፈን ለ8 ሳምንታት የአሜሪካን ሰንጠረዥ አንደኛነት የያዙት ሁለቱ የአትላንታ ልጆች፣ ክሪስ ክሮስ፣ ግጥማቸው የጀርሜይን ዱፕሪ ነበር። ዱፕሪ ራሱ ያኔ 20 ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው። የእሱ አባት የሙዚቃ ሰው ነበሩ፤ እሱም ገና ልጅ ሳለ ዳያና ሮስ ኮንሰርት ላይ መድረክ ወጥቶ የጨፈረ። ሁለቱን ልጆች ግን ያገኛቸው ከሙዚቀኛ ቤት አይደለም፤ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ሲንጎራደዱ ነው። እስቲ እንግዲህ ፍረዱ፤ ያንኑ ወረቀት ለሌላ ሁለት ልጆች ብትሰጡ ያው ስምንት ሳምንት ይመጣል? ተዋናይ የጸሐፌ ተውኔቱን ቃል ሲናገር «የራሱ አይደለም» ብሎ ከአዳራሹ የወጣ ተመልካች አለ?

ደግሞ የራሷን አፍ ብቻ ይዛ የመጣች አለች። ሮክሳን ሻንቴ። የኒውዮርኳ የኩዊንስብሪጅ ልጅ፣ በ1984 ገና 14 ዓመቷ። ዩቲኤፍኦ የተባሉ ወንዶች ሮክሳን የምትባል ልጅ ኮርታብን አላናግርም አለችን ብለው ዘፈን አወጡ። ይህች ልጅ ተነሳችና በራሳቸው ቢት ላይ፣ ወረቀት ሳትይዝ፣ ከአፏ እያወጣች መለሰችላቸው። የሙዚቃ ቤተሰብ አልነበራትም፤ ምላስ ግን ነበራት። ከዚያ በኋላ መልስ በመልስ ላይ እየተደራረበ የሮክሳን ጦርነት የሚባል ታሪክ ተፈጠረ። መርካቶ ውስጥ ተረብ እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

አዝማሪ ቤት የገባም እንደዚያው። «ተቀበል!» ተብሎ የተወረወረለትን ስንኝ አዝማሪው በዚያችው ቅጽበት ከማሲንቆው ጋር አስማምቶ ይመልሳል፤ ካስፈለገም ወርቁን ከሰሙ ሥር ቀብሮ። ይህ ሙያ የሚወረሰው ከማን ነው? ከአባት፣ ከእናት፣ ከአጎት ነው። ጎንደር አካባቢ ቡርቧክስን የመሰለ የአዝማሪ መንደር ውስጥ ልጁ ማሲንቆ የሚማረው ከቤተሰቡ ነው። አዝማሪዎች እርስ በርሳቸው የሚግባቡበት የራሳቸው የምስጢር ቋንቋ እንኳ አላቸው፤ ሕፃኑ እሱንም እዚያው ይማረዋል። የአዝማሪ ልጅ ጎበዝ ሲሆን «ዘር ከልጓም ይስባል» ብለን እናደንቃለን። የራፐር ልጅ ጎበዝ ሲሆን «አባቱ ነው የገፋው» እንላለን። ሚዛኑ አንድ ይሁን! ለማሲንቆው የመረቅነውን ለማይኩ አንርገም።

እዚህ ድረስ ለልጁ ተሟገትኩ። አሁን የምደርስበት ግን ቀላል አይደለም፤ ያንገበግበኛልም።

«ማይ ቤቢ» የተሠራው ከምን ላይ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጃክሰን ፋይቭ ከሚባሉት ወንድማማቾች «አይ ዋንት ዩ ባክ» ላይ ተቀንጭቦ ነው። ያ ዘፈን በ1969 ሲወጣ መሪ ድምፁ ማይክል ጃክሰን ነበር። ዕድሜው? 11። እሱም ከሙዚቃ ቤተሰብ፣ እሱም በአባቱ እጅ ተይዞ የመጣ። ከ32 ዓመት በኋላ ሌላ የ11 ዓመት ልጅ በዚያው ዜማ ላይ ቆሞ ራፕ አደረገ። በሁለቱ ልጆች መካከል የተሰመረውን መስመር ማየት የሚፈልግ ሰው ዘፈኖቹን ሳይሆን አባቶቹን ይመልከት።

የማይክል አባት ጆ ጃክሰን በጌሪ፣ ኢንዲያና፣ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ከወንድሙ ጋር በባንድ ጊታር ተጫውቶ አልሆነለትም። ያልሆነለትን በልጆቹ ላይ አወረደው። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ልምምድ፣ ከልምምድ በኋላ ልምምድ፣ እርምጃ የሳተ ደግሞ ይገረፋል። ማይክል በ1993 ለኦፕራ ዊንፍሬ ሲናገር አባቱን ሲያይ ከፍርሃት የተነሳ ያስመልሰው እንደነበር ነገራት። ወደ ስቱዲዮ ሲሄድ ከመንገዱ ማዶ ባለው መናፈሻ ልጆች ሲጫወቱ እያየ ያለቅስ እንደነበርም ተናገረ። ልብ አድርጉ፤ ይህን የተናገረው በዓለም ላይ ማንም ያላገኘውን ዝና ካገኘ በኋላ ነው። ዝናው ያንን መናፈሻ አልመለሰለትም።

«ታዲያ ዱላው ባይኖር ማይክል ጃክሰን ይኖር ነበር?» የምትሉ አላችሁ። ይህችን ተረብ ከሁሉም አብልጬ እጠላታለሁ። ዱላ ዘፋኝ የሚፈጥር ቢሆን አገራችን ስንት ሺህ ማይክል ባፈራች ነበር! ስንታችን ነን በዱላ ያደግነው? ዱላ የፈጠረው ፍርሃትን ነው፤ ድምፁን ይዞ የመጣው ልጁ ራሱ ነው። አንድም ልጅ ስለ ተመታ ቢት አልጠበቀም።

ሌላም አለ። በ1975 ወንድማማቾቹ አሳታሚያቸውን ሞታውንን ለቀው ወደ ሌላ አሳታሚ ሲሄዱ «ጃክሰን ፋይቭ» የሚለው ስም ሞታውን እጅ ቀረ። በዚያ ስም መዝፈን አልቻሉም፤ «ዘ ጃክሰንስ» ተባሉ። የገዛ የቤተሰባቸው ስም የተካተተበትን መጠሪያ ለሌላ ሰው ትተው ወጡ። ለእያንዳንዷ እርምጃ ቀበቶ የያዘው አባት ስሙን የያዘውን ወረቀት በልጆቹ እጅ አላስቀረላቸውም። እኔ አባት ልጁን ገፋው ወይስ አልገፋውም በሚለው ላይ ጊዜ የማላጠፋው ለዚህ ነው። የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ወረቀቱ በማን እጅ ነው? ገንዘቡ በማን ስም ነው? ልጁ «ዛሬ አልፈልግም» ሲል የሚሰማው አለ?

ማስተር ፒን ታቦት አላደርገውም። ድርጅቱ ኖ ሊሚት በ2003 የኪሳራ አቤቱታ አስገብቷል። ከወንድሞቹ አንዱ ሲ-መርደር በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት ከ2009 ጀምሮ የዕድሜ ልክ እስራቱን እየፈጸመ ነው። የሙዚቃ ቤተሰብ ማለት ልጅ የሚወርሰው ደስታ ብቻ ያለበት ቤት አይደለም፤ የቤቱ ሐዘንም አብሮ ይወረሳል። ያም ሆኖ አንድ ነገር አልነፍገውም። የራሱ አልበሞች «ለልጆች አይሆንም» የሚል ማስጠንቀቂያ የሚለጠፍባቸው ነበሩ፤ ለልጁ ግን ያንን ቋንቋ አላወረሰውም። ሮሜዮ የዘፈነው ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ልጅነት ፍቅር፣ ስለ ኳስ ነው።

ይህም «ራፕ ብልግና ነው፤ ልጅ አይነካውም» ለሚሉት መልስ ይሁን። ቢት አይሳደብም። የሚሳደበው ሰው ነው። ልጅ በዕድሜው ልክ ቃል ከተሰጠው በዕድሜው ልክ ይናገራል፤ ኒኬሎዲዮን የተባለው የልጆች ቴሌቪዥን ከ2003 እስከ 2006 «ሮሜዮ!» የሚል ተከታታይ ድራማ ሠርቶ በልጆች ሰዓት ሲያሳየው የነበረው በዚሁ ልክ ስለሆነ ነው። አባትየውም እዚያው ድራማ ውስጥ አባት ሆኖ ተጫውቷል።

«ትምህርቱስ?» ይህ ተረብ አይደለም፤ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄን ደግሞ በአክብሮት እመልሳለሁ። በ2019 ኡጋንዳ ውስጥ ፍሬሽ ኪድ የሚባል የ7 ዓመት ራፐር አገሩን ሁሉ አስጨፈረ። ከሙዚቀኛ ቤት አልነበረም፤ ከሉዌሮ የመጣ የድሃ ልጅ ነው። የወጣቶችና የሕፃናት ጉዳይ ሚኒስትር ዴኤታዋ ተነስተው ይህ የሕፃናት የጉልበት ሥራ ነው፣ ልጁ ወደ ትምህርት ይመለስ አሉ። አገር ተከፈለ። ገሚሱ «ልጁ ቤተሰቡን በሚያበላበት ምን አገባቸው?» አለ፤ ገሚሱ ሚኒስትሯን ደገፈ። ከዚያ በካምፓላ የታወቀ የግል ትምህርት ቤት ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጠው። እኔ ሚኒስትሯን ነው የምደግፈው፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምርላቸው፦ ልጁን ከማይኩ ማስጣል ሳይሆን ደብተሩን ከማይኩ ጎን ማስቀመጥ ነው ሥራው። ክርክሩም በመጨረሻ ያመጣው ይህንኑ ነው። ሮሜዮም ቢሆን በ2008 ደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የቅርጫት ኳስ ቡድኑን ተቀላቀለ። ሜዳ ላይ ብዙ አልተሰለፈም፤ ግን በ19 ዓመቱ ከራፕ ሌላ የሚሄድበት መንገድ ነበረው። ልጅ ዝነኛ ላደረገ ቤተሰብ የመጀመሪያው ፈተና ይህ ነው፦ ዘፈኑ ቢቆም ልጁ ወዴት ይሄዳል?

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላሉ አባቶቻችን። ዘንድሮ ተገልብጧል። ልጅ ያቦካውን ቤተሰብ ሙሉ ራት፣ ምሳና ቁርስ ይበላዋል፤ ያቦካው ልጅ ብቻ ነው ምጣዱ ዘንድ ቆሞ የሚቀረው። ማስረጃ ከፈለጋችሁ ጃኪ ኩጋን አለላችሁ። በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር «ዘ ኪድ» ላይ የተወነው ያ ትንሽ ልጅ ሚሊዮኖች ዶላር አስገባ። ለአቅመ አዳም ደርሶ ገንዘቡን ሲጠይቅ እናቱና እንጀራ አባቱ አጥፍተውት ጠበቁት። በ1938 ከሰሳቸው፤ በስተመጨረሻ የደረሰው 126 ሺህ ዶላር ያህል ብቻ ነበር። ካሊፎርኒያ ደንግጣ በ1939 በስሙ የሚጠራውን ሕግ አወጣች። ያ ሕግ ግን ቀዳዳ ነበረው፤ ብዙ ልጅ በቀዳዳው ሾልኮ ባዶ እጁን ቀረ። ከ60 ዓመት በኋላ፣ ከ2000 ጀምሮ፣ ሕጉ ተጠገነና ልጅ የሠራው የልጁ ንብረት መሆኑን በግልጽ አስቀመጠ፤ ከገቢውም ቢያንስ 15 በመቶው ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው በማይነካ ሂሳብ እንዲቀመጥ አዘዘ። በ2024 ደግሞ ኢሊኖይ የወላጆቻቸው ቪዲዮ ላይ ለሚሠሩ ልጆች ገንዘብ እንዲቀመጥላቸው የሚያስገድድ ሕግ በሥራ ላይ ያዋለች የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ግዛት ሆነች።

«ወላጅን እንደ ሌባ ማየት ነውር ነው» የሚል ሰው ሰምቻለሁ። ነውሩ ሂሳብ መክፈቱ ነው ወይስ ሳይከፍቱ መቅረቱ? ልጁን የሚወድ አባት ከ100 ብር 15ቱን በልጁ ስም ማስቀመጥ ምን ይከብደዋል? የከበደው ካለ ያስጨነቀው ክብሩ አይደለም።

የሮሜዮ ዘመን አለፈ ብላችሁ እንዳትተኙ። የሂዩስተኗ ዛት ገርል ሌይ ሌይ፣ የራፐር ልጅ፣ በ2018 ገና በ11 ዓመቷ ከአሳታሚው ኢምፓየር ጋር ተፈራረመች፤ በ2021 ደግሞ ኒኬሎዲዮን በእሷው ስም ድራማ ሠራ። የካንዬ ዌስትና የኪም ካርዳሺያን ልጅ ኖርዝ በ2024 አባቷ አልበም ላይ በ10 ዓመቷ ራፕ አድርጋ የአሜሪካ ሰንጠረዥ ውስጥ ገባች። ቢዮንሴና ጄይ-ዚ የወለዷት ብሉ አይቪማ በ2012 በተወለደች በቀናት ውስጥ የለቅሶ ድምጿ አባቷ ዘፈን ላይ ገብቶ ስሟ ተጻፈበት። ለእነዚህ ልጆች ጠበቃ አለ፣ የሒሳብ ባለሙያ አለ፣ ሕግ አለ። እኔን የሚያስጨንቁኝ እነሱ አይደሉም።

የሚያስጨንቁኝ የእኛዎቹ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ አባቱ ኪቦርድ የሚጫወትለት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ እናቱ ስልኳን ደግና የምትቀርጸው፣ ቴል አቪቭ ውስጥ አጎቱ ቢት የሚሠራለት ልጅ። ዩቲዩብም ቲክቶክም ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ የራሱን ተራ አካውንት አይፈቅዱም። ስለዚህ አካውንቱ የወላጅ ነው፣ ገንዘቡም ለወላጅ ነው የሚገባው፤ ከውጭ ጠያቂ፣ ከውስጥ ተቆጣጣሪ የለም። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይና ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳይሠራ ያዛል። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 36 ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛ ይጠብቃል። ግን ሳሎን ውስጥ፣ በአባት ስልክ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ድገመው» እየተባለ እስከ እኩለ ሌሊት የሚቀረጽን ልጅ የትኛው የሥራ ተቆጣጣሪ በር አንኳኩቶ ያየዋል? አሠሪው አባት፣ ሠራተኛው ልጅ፣ ቢሮው መኝታ ቤት ሲሆን ሕጉ ደጃፍ ላይ ይቀራል። ያኔ ያለው የወላጅ ሕሊና ብቻ ነው።

«ልጄ እኮ ራሱ ነው የሚወደው!» ትሉኛላችሁ። አምናለሁ። ስለሚወደው ነው መጠበቅ ያለበት። የማይወደውን ልጅ ድካሙ ያስቆመዋል፤ የሚወደው ግን «በቃኝ» ማለት አያውቅም፤ በቃው ማለት ያለበት ትልቁ ሰው ነው። «ዛሬ ደክሞኛል» ላለ ልጅ «ተመልካች እየጠበቀህ ነው» ብሎ የሚመልስ ወላጅ ተመልካቹን ከልጁ አስበልጧል። ተመልካች ነገ ሌላ ልጅ ያገኛል።

ስለዚህ ጋሼም፣ እትዬም፣ ልጃችሁ ራፕ ከቻለ ተዉት፤ ይበል፣ ይጻፍ፣ ይመልስ፣ ይሳቅበት። ምላሱ ከእናንተ ቢወረስ ደስ ይበላችሁ፤ የሚያሳፍር ውርስ አይደለም። ግን ነገ ጠዋት ባንክ ሂዱና በልጁ ስም የቁጠባ ሂሳብ ክፈቱ፤ ባንኮቻችን ወላጅ ለልጁ የሚከፍተው ሂሳብ አላቸው። ከእያንዳንዱ ቪዲዮ፣ ከእያንዳንዱ ሠርግና ኮንሰርት የገባውን ገንዘብ በደብተር ጻፉ፤ የልጁን ድርሻ ለይታችሁ አስገቡ፤ በማንም አሳታሚ ወረቀት ላይ ስሙንና ድምፁን ለዘላለም አሳልፋችሁ አትስጡ፤ ጠበቃ ሳያየው አትፈርሙ። የፈተና ሰሞን ካሜራው ይዘጋ። 18 ዓመት የሞላው ቀን ደብተሩን ስጡትና መስመር በመስመር ያንብበው።

እኛ አድማጮችም ከነገ ጀምሮ «አባቱ ነው የገፋው» የምትለዋን ተረብ እንተዋትና የልጅ ቪዲዮ ባጋራን ቁጥር ወላጆቹን ይህን እንጠይቃቸው፦ የልጁ ሂሳብ ተከፍቷል?